የቪህና መሐላ ባዶ ቦታ፦ የዶ/ር ቦግና ዛሬምባን ዕረፍት ስለማሳወቅ

የዶብሮቮዳ የጥንት ጽሑፍ ወዳጆች ማኅበር መሥራች አባል፣ የዓመታዊው የመሐላ ንባብ ቀን አዘጋጅና የቦርዳችን አማካሪ የነበሩት ዶ/ር ቦግና ዛሬምባ ባደረባቸው ሕመም በሆስፒታልና በእናታቸው ቤት ሲረዱ ቆይተው፣ ማርች 9 ቀን 2019 በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በዚህም ማኅበራችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። መግለጫው ከቀብሩ በኋላ ወዲያው መውጣት ሲገባው እስከ ኤፕሪል ስለዘገየ አባላትንና የከተማችንን ሕዝብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የዘገየውም የማኅበሩ ጸሐፊ ቶሎ መጻፍ ስላልቻሉ ነው። ጸሐፊዋ ወ/ሮ ቴኦፊላ ዛሬምባ የሟች እናት ናቸው። ቦርዱ ሌላ ሰው ሊመድብ ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ግን የማኅበሩን መግለጫዎች ሁሉ ሲጽፉ የቆዩት እሳቸው ስለሆኑ ይህንንም ራሳቸው እንዲጽፉት ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ቋንቋው ቀላል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶ/ር ቦግና በ1978 በኦልሻንካ መንደር ከእናታቸው ከወ/ሮ ቴኦፊላና ከአባታቸው ከአቶ ያሬማ ዛሬምባ ተወለዱ። አባታቸው እሳቸውና ወንድማቸው ገና ትንንሽ ሳሉ አርፈዋል። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶብሮቮዳ ተከታተሉ። ከትምህርት ሲመለሱ እናታቸው ሥራ እስኪጨርሱ ድረስ በፖስታ ቤቱ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጊዜ ብዙ ነበር። እዚያ የሚያነቡት መጽሐፍ ስላልነበረ ፖስታዎቹን ያነቡ ነበር። የገጠር ሽማግሌዎች የመንደራቸውን ስም በአፋቸው እንደሚሉት እንጂ በካርታ ላይ እንዳለው አይጽፉም፤ የአንዱ መንደር ስም በአራት ዓይነት ተጽፎ ይመጣል። ሕፃኗ ቦግና አንድ ቀን «እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ስህተት ከሆነ እንዴት ነው የሚደርሰው?» ብለው ጠየቁ። እናታቸውም «እኔ የማውቀው ሰዎቹን ነው፣ ፊደሉን አይደለም» ብለው መለሱላቸው። ይህን መልስ ዶ/ር ቦግና ኋላ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ንግግራቸውን ሲያደርጉ መጀመሪያ ላይ ተናግረውታል ተብሎ ሰምተናል።

ከክራኮቭ በቋንቋ ታሪክ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው በ2006 ወደ ዶብሮቮዳ ተመለሱ። ክራኮቭ እንዲቀሩ ተጠይቀው ነበር። የተመለሱት የወረዳችን አሮጌ የችሎት ወረቀቶች እዚህ ስላሉ ነው ይሉ ነበር፤ እናታቸው ብቻቸውን ስለሆኑ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሥራቸው የቋንቋችን የአጻጻፍ ታሪክ ነበር። ያጣነው ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፖላንድኛ ለብዙ ዘመን ሲነገር እንጂ ሲጻፍ አልኖረም። ቤተ ክርስቲያንም፣ ቤተ መንግሥትም፣ ችሎትም የሚጽፉት በላቲን ነበር። የላቲን ፊደል ደግሞ ለእኛ አፍ የተሠራ አይደለም። «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ዠ» ለምንላቸው ድምፆች ፊደል የለውም፤ በአፍንጫችን ለምናወጣቸውም የለውም። ስለዚህ የሰው ወይም የመንደር ስም መጻፍ ግድ የሆነበት ጸሐፊ ሁሉ ባለው ፊደል እንደመሰለው ይጽፍ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ የአንዱን ሰው ስም ከላይ በአንድ ዓይነት፣ ከታች በሌላ ዓይነት የጻፉ አሉ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አንድ የክራኮቭ ሊቅ የአጻጻፍ ሕግ አወጣ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ቀስ በቀስ ከጎረቤቶቻችን ከቼኮች ሁለት ፊደል አጣምሮ ለአንድ ድምፅ መጠቀምን ተማርን። ከዚያ አታሚዎች መጡ። «ሕጉን ያጸኑት ሊቃውንት እንዳይመስሏችሁ» ይሉ ነበር ዶ/ር ቦግና። «መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ማደናገር አይፈልግም። ሕጉ የጸናው በገበያ ነው።» ሊቃውንቱ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲከራከሩ ቆይተው ዛሬ በትምህርት ቤት የምንማረው አጻጻፍ በአብዛኛው የጸናው በ1936 ነው።

በ2007 በከተማችን ትምህርት ቤት የቅዳሜ ክፍል ከፈቱ። ልጆቻችን በቃል ጽሕፈት ፈተና የሚወድቁት አንድ ድምፅ በሁለት ዓይነት ስለሚጻፍ ነው፤ የትኛው በየትኛው ቃል እንደሚገባ በቃል ማጥናት ነው ያለው። ዶ/ር ቦግና «ድሮ ሁለት ድምፆች ነበሩ» ብለው አስረዷቸው። «አያቶቻችን ለይተው ይሰሟቸው ነበር። አንዱ ድምፅ ሞተ፤ አጻጻፉ ግን ቀረ። እንደ መቃብር ቁጠሩት።» ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ጥያቄው «መምህር፣ ይሄ ቃል በመቃብር ነው ያለ መቃብር?» ሆነ። የቄሱ የእህት ልጅ ቤት ሄዳ እንዲህ ብላ ስለተናገረች ቄሱ ደንግጠው ማኅበሩ ድረስ መጥተዋል። ነገሩ ሲገለጽላቸው ስቀው፣ እሳቸውም በስብከት ላይ ተጠቅመውበታል።

በ2009 የመሐላ ንባብ ቀንን አቋቋሙ። ይህ የሥራቸው ሁሉ ልብ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

በጥንቱ ችሎት ጸሐፊው ክሱንም ፍርዱንም በላቲን ይጽፍና የማለው ሰው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ወደ ፖላንድኛ ይዞር ነበር። ምክንያቱም መሐላ የሚማለው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ነው። የሚምለው ሰው ጣቶቹን መስቀሉ ላይ አድርጎ የችሎቱ መልእክተኛ የሚለውን ቃል በቃል ይደግማል። ከተደናቀፈ፣ አንድ ቃል ከሳተ፣ ክርክሩን ሊያጣ ይችላል። እውነቱን ይዞ አንደበቱ ስለተሳሰረ ብቻ መሬቱን ያጣ ሰው አለ። ለዚህ ነው ጸሐፊዎቹ እያንዳንዷን ቃል በዚያ በማይበቃቸው ፊደል ለመያዝ የደከሙት። የዚያን ዘመን ሰው ተጨንቆ ተጠቦ የተናገረውን ዛሬ ልንሰማ የምንችለው በእነዚህ መሐላዎች ነው።

ዶ/ር ቦግና በየመንደሩ የተማሉትን መሐላዎች ለይተው አወጡና በየዓመቱ በሜይ ወር መጨረሻ እሁድ፣ በአሮጌው የችሎት አዳራሽ፣ ከየመንደሩ አንድ ሰው ቆሞ የመንደሩን ሰው መሐላ እንዲያነብ አደረጉ። የተደናቀፈ ሰው ቅጣቱ በሚቀጥለው ዓመት የፖም ኬክ ይዞ መምጣት ነው። ሕጉ የወጣው በቀልድ ነበር። የትራክተር ጠጋኙ አቶ ቤኔዲክት ኩህታ ግን ባለቤታቸው የምትጋግረው ኬክ በወረዳው የታወቀ ስለሆነ፣ ለማንበብ ሲነሡ አዳራሹ «ኧረ ቤኔዲክት፣ ዘንድሮም እንዳታሳፍረን፣ ተሳሳት!» እያለ ይጮህባቸዋል። እሳቸውም አላሳፈሩንም።

በ2013 በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቅድመ አያቶቻችንን ደብዳቤዎች ዐውደ ርእይ አዘጋጁ። በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ትምህርት ቤቱ በሩሲያኛ ስለነበር እነዚያ ሰዎች የገዛ ቋንቋቸውን መጻፍ የተማሩት በቤት፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከተመልካቾች አንዳንዶቹ የደብዳቤዎቹን አጻጻፍ አይተው ሲስቁ ዶ/ር ቦግና «የሰሙትን ነው የጻፉት» ብለው ተቆጡ። «እናንተ የታዘዛችሁትን ነው የምትጽፉት። ታዲያ የሚያስቀው የማን ነው፣ የእነሱ ወይስ የእናንተ?» ከሳቁት አንዱ የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ቪቶልድ ሶቫ እንደነበሩ ራሳቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። አቶ ቪቶልድ ዕድሜያቸውን በሙሉ የቃል ጽሕፈት ሲያርሙ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

በ2016 የቪህና መሐላ ተገኘ። የኦልሻንካ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ የመዝሙር መጽሐፍ ጀርባው ተቀዶ ለጥገና ወደ ዶ/ር ቦግና መጣ። የድሮ ጠራዦች የመጽሐፍን ጀርባ ለማጠንከር ያረጀ ጽሑፍ እየቆረጡ ይለጥፉበት ነበር፤ ይህኛውም ጠራዥ አንድ የችሎት ወረቀት በቁመቱ ሸንሽኖ፣ ከግርጌውም ጥቂት ቆርጦ ተጠቅሞበታል። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ቪህና የምትባል የአንዲት የኦልሻንካ ባልቴት መሐላ ወጣ። የግርጌው ቁራጭ ግን የለም። ወይ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ አይጥ በልቶታል። የቀረው እንዲህ ይነበባል፦

«እግዚአብሔርና ቅዱስ መስቀሉ ይርዱኝ፤ ባሌ በሕይወቱ ሳለ በወንዙ ማዶ ያለውን የሣር መስክ እንደሰጠኝ፣ ወንድሙ ሚችኮ በጉልበት ገብቶ እንዳጨደው፣ እኔም»

እዚህ ላይ ያልቃል። ቪህና ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አናውቅም። ተደናቅፋ እንደሆነ፣ መስኩን አግኝታ እንደሆነ አናውቅም። ፍርዱ የተጻፈበት ገጽም አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት በ2018 ይህ መሐላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዳራሹ ተነበበ። ቪህና የኦልሻንካ ሴት ስለሆነች ያነበቡት ወ/ሮ ቴኦፊላ ናቸው። ዶ/ር ቦግና በዚያን ጊዜ ሕክምና ጀምረው በራሳቸው ላይ ሻሽ አስረው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ንባቡ «እኔም» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ። በዚህ ጊዜ አቶ ቤኔዲክት ከኋላ ጮክ ብለው «እግዚአብሔር ይርዳኝ!» አሉ። አዳራሹም በሙሉ፣ እንደ ጸሎት ማሳረጊያ፣ «እግዚአብሔር ይርዳኝ!» ብሎ ተከተላቸው።

ዶ/ር ቦግና ወንበሩን ይዘው ተነሡ። «አሁን ማን ነው የማለው? ሴትዮዋ ናት ወይስ አዳራሹ?»

«እኛማ አግዘናት ነው» አሉ አቶ ቤኔዲክት። «ባልቴት፣ ብቻዋን፣ ያን ሁሉ ዳኛ ፊት ቆማ። ምናለበት?»

«ጋሼ ቤኔዲክት፣ እርስዎ መሐላ የሚያውቁት ሚኒስትር ሲሾም በቴሌቪዥን ነው። ዛሬ ያ ቃል መጨረሻ ላይ ይባላል። በቪህና ጊዜ ግን መጀመሪያ ላይ ነበር የሚባለው። እሷ እኮ ብላዋለች። እግዚአብሔር አንዴ ሲነግሩት ይሰማል።»

«ታዲያ ተሳሳትን ማለት ነው?»

«ሁላችሁም!»

«ጉድ ፈላ!» አሉ አቶ ቤኔዲክት። «የከርሞውን ያን ሁሉ ኬክ ማን ሊጨርሰው ነው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ዶ/ር ቦግናም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ እንዲህ አሉ፦ «ለከርሞ እዚያ ስትደርሱ ዝም በሉ። ወረቀቱ የተቆረጠውን ያህል ዝም በሉ፣ ከዚያ ተቀመጡ። በቦታው ሌላ ነገር አታስገቡበት። ያ ቦታ የሷ ነው።»

ለከርሞ ያሉት ዘንድሮ ነው።

ባለፈው ክረምት የወረዳችን መሐላዎች ስብስብ ለኅትመት ተዘጋጀ። የዶ/ር ቦግና የአሥር ዓመት ሥራ ነበር። በግራ ገጽ ጸሐፊው እንደጻፈው፣ በቀኝ ገጽ ዛሬ እንደምናነበው ሆኖ ተሰናድቷል። የቀረው የቪህና ገጽ ብቻ ነበር። አቶ ቪቶልድ አበባ ይዘው ዶ/ር ቦግና ወደተኙበት ወደ ወ/ሮ ቴኦፊላ ቤት መጡና አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ ሁለት መስመር ናት እኮ» አሉ። «ከሌሎቹ መሐላዎች አይተው ይሙሏት። ‘ሦስት ዓመት ሙሉ በሰላም ይዤው እንደነበር’ ወይም እንደዚህ ያለ ነገር። ሁሉም እንደዚያ አይደል የሚሉት? በቀጭን ፊደል እናትመዋለን። አንባቢ ባዶውን ሲያይ ሰነፎች ናቸው ይለናል።»

«ሰነፍ ይበሉን፣ አቶ ቪቶልድ። ውሸታም ከሚሉን ይሻላል።»

«ውሸት አይደለም፣ ግምት ነው። ያውም የሊቅ ግምት!»

«እርስዎ ተማሪ ያልጻፈውን መልስ ሞልተው ማርክ ሰጥተው ያውቃሉ?»

አቶ ቪቶልድ ሳቁ፤ ነገር ግን አልተስማሙም። ሲወጡ ወ/ሮ ቴኦፊላን በር ላይ «እባክዎ እርስዎ ይንገሯት፣ ስሟ በሙሉ ሥራ ላይ እንዲወጣ ነው» አሏቸው። ወ/ሮ ቴኦፊላም እንደዚያው ይመስላቸው ነበር። መጽሐፉ ጎዶሎ ሆኖ እንዲወጣ አልፈለጉም። ወደ ክፍሉ ተመልሰው «ምናለ እሺ ብትያቸው? ምን እንደምትል ታውቂው የለ» አሏት።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ትገምቻለሽ።»

«እገምታለሁ።» ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «ግን መሐላ ነው። በሰው መሐላ ውስጥ የኔን ግምት ላስገባ? አንድ ቃል ከሳተች መስኩን ታጣለች። እኔ ብስትባትስ?»

«ስድስት መቶ ዓመት አለፈው እኮ፣ ልጄ። መስኩም ዛሬ የኩህታ ነው።»

«እንግዲያው ኩህታን ጠይቂው፣ እሱ ይሙላልሽ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያማት ነበር። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና «ባዶ ተዉት» አለች። ስለዚህ ገጽ ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ዶ/ር ቦግና ማርች 9 ቀን ቅዳሜ ጠዋት አረፉ። የሞታቸው ማስታወቂያ በጥቁር ጠርዝ ታትሞ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በዳቦ ቤቱና በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተለጠፈ። የቅዳሜ ክፍል ተማሪዎቻቸው በነጭ ክሪዛንተም አበባ ቀብሩን አጅበዋል። በኦልሻንካ መቃብር ከአባታቸው ጎን አርፈዋል። ማኅበራችን በቦታው ለተገኙት ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል።

ከቀብሩ በኋላ ቦርዱ በማኅበሩ ክፍል ተሰብስቦ ነበር። አቶ ቪቶልድ ጸሐፊዋን ለመርዳት ብለው የዚህን መግለጫ ረቂቅ በራሳቸው እጅ ጽፈው አመጡ። ጥሩ ረቂቅ ነበር፤ ከዚህ በተሻለ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። አንድ አንቀጽ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ዶ/ር ቦግና በመጨረሻዋ ሰዓት ወዳጆቻቸውን እያሰቡ ‘ሥራውን ጨርሱት’ በማለት አደራ ሰጥተው አርፈዋል።»

ወ/ሮ ቴኦፊላ «ይህን ማን ነገረዎት?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ አቶ ቪቶልድ። «እሳቸው ግን እንደዚህ ነበር የሚሉት። ያውቋቸዋል አይደል? እንዲህ ያለ መግለጫ ላይ ሰው የመጨረሻ ቃል ይጠብቃል።»

«እኔ ነኝ እዚያ የነበርኩት።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«አልሰማሁም።»

«ትንሽም ቢሆን…»

«ውሃ ላመጣ ወጥቼ ነበር፣ አቶ ቪቶልድ። ስመለስ አልቋል። ተናግራ እንደሆነ፣ ጠርታኝ እንደሆነ አላውቅም። አልሰማሁም።»

አቶ ቤኔዲክት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያዞሩ ነበር። «እኔ ስሞት ግን የሆነ ነገር ጻፉልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ባለቤቴን ብቻ እንዳትጠይቋት፣ እውነቱን ትናገራለች።» ማንም አልሳቀም፤ ግን ቀለል አለን።

አቶ ቪቶልድ መነጽራቸውን አውልቀው ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀይ እስክሪብቶ ሁልጊዜ በኪሳቸው አለ። አውጥተው ያን አንቀጽ ራሳቸው ሰረዙት። ትንሽ ቆይተውም «የመዝሙር መጽሐፉም ገጽ» አሉ፤ «የቪህና። ለአታሚው እደውላለሁ። እንዳለ ይቅር።»

ስለዚህ ቦርዱ በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን ወስኗል፦ የወረዳችን መሐላዎች ስብስብ በዶ/ር ቦግና ዛሬምባ ስም፣ እሳቸው እንዳሰናዱት ይታተማል። የቪህና ገጽ የታችኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ ምንም ዓይነት ግምት፣ በቀጭንም ሆነ በወፍራም ፊደል፣ አይገባበትም። በዚህ መግለጫም ስለ ሟች የመጨረሻ ቃል የሚናገር ነገር የለም፤ ያልተጻፈው ተረስቶ አይደለም። ሌሎች ጽፈውት ወይም ተናግረውት ቢገኝ ማኅበሩ አያውቀውም።

ዘንድሮ የመሐላ ንባብ ቀን እንዲቀር የጠየቁ አባላት ነበሩ። ማኅበሩ ሐሳባቸውን ያከብራል፤ ነገር ግን ቀኑ እንደወትሮው በሜይ ወር መጨረሻ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአሮጌው የችሎት አዳራሽ ይውላል። ለሟች በተለምዶ የሚደረገው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አይኖርም። በምትኩ ወ/ሮ ቴኦፊላ የቪህናን መሐላ ያነባሉ፤ «እኔም» የሚለው ላይም ያቆማሉ። የተቆረጠው ሁለት መስመር ያህል ነው። ወ/ሮ ቴኦፊላ ከዚያ ረዘም አድርገው ቢቆሙ ማንም እንዳያስቀምጣቸው፣ ማንም «እግዚአብሔር ይርዳኝ» ብሎ እንዳያግዛቸው፣ ማኅበሩ ሕዝቡን በትሕትና ይጠይቃል። ቃሉ መጀመሪያ ላይ ተብሏል። አቶ ቤኔዲክት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ እንደሚቀመጡ ቃል ገብተዋል። ያለፈው ዓመት ቅጣት ግን ስላልተሰረዘ፣ ያን ቀን በአዳራሹ የነበራችሁ ሁሉ የፖም ኬክ ይዛችሁ እንድትመጡ እናስታውቃለን። ዶ/ር ቦግና ይህንን በጉጉት ሲጠብቁት ነበር፤ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ «ማን ይዞ እንደማይመጣ አያለሁ» ይሉ ነበር።

የቅዳሜው ክፍል እስከ ዓመቱ መጨረሻ በአቶ ቪቶልድ ሶቫ ይቀጥላል። ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ «መምህር፣ በመቃብር ነው ያለ መቃብር?» ብለው ሲጠይቋቸው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያ ጽፈውላቸዋል። በትክክል ነው የጻፉት።

የዶ/ር ቦግና ዛሬምባ ዕረፍት ለቋንቋችን ታሪክ ጥናት፣ ለከተማችን ልጆችና ለማኅበራችን የማይተካ ጉዳት ነው። የማኅበራችን ቦርድና አባላት ለወንድማቸው ለአቶ ቲሞን ዛሬምባና ለቤተሰቡ፣ በክራኮቭ ላሉ መምህሮቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለቅዳሜ ክፍል ተማሪዎቻቸው፣ ለኦልሻንካ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ቦርዱ ስማቸው እንዲገባ ስላዘዘ ለእናታቸው ለወ/ሮ ቴኦፊላ መጽናናትን ይመኛሉ። ማኅበሩ ሟችን አይረሳም፤ እኔም



ቴኦፊላ ዛሬምባ
የማኅበሩ ጸሐፊ
ዶብሮቮዳ፣ ኤፕሪል 2019